ሐዲዱ ደርሷል፣ ባቡሩ አልመጣም፦ የአዋሽ–ኮምቦልቻ መስመር ከሸዋ ሮቢት ሲታይ

ሰሜን ሸዋ ሐዲድ አለው፤ ባቡር ግን የለውም። ደጋው ላይ የሚኖር ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል። ሐዲዱ ደብረ ብርሃንንም ሆነ ደብረ ሲናን አይነካም፤ ከአዋሽ ተነሥቶ የአፋርን ሜዳ ይዞ ወደ ሸዋ ሮቢት ይመጣል፣ ከዚያም በአጣዬና በከሚሴ አቅጣጫ ወደ ኮምቦልቻ ይዘልቃል። ቆላ የወረደ ሁሉ ግን ያየዋል፤ ጠጠሩ ተነጥፏል፣ የኮንክሪት አግዳሚው ተደርድሯል፣ ብረቱ ተዘርግቷል፣ ድልድዩ ተሠርቷል። የመጀመሪያው ክፍል ዋና ዋና ሥራ በአመዛኙ ካለቀ ዓመታት ቢቆጠሩም ተሳፋሪም ሆነ ዕቃ የሚያመላልስ መደበኛ ባቡር አልሠራም።

በወረቀት ላይ የሸዋ ሮቢት ጣቢያ “የተዘጋ” አይባልም፤ ተከፍቶ አያውቅማ። በዙሪያው ላለው የቀወት ወረዳ ገበሬና ለሸዋ ሮቢት ነጋዴ ግን ልዩነቱ ምንም ነው። ጣቢያ ሊዘጋም ሆነ ሳይከፈት ሊቀር የሚችልባቸው ምክንያቶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ኃይል፣ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ፣ ጥገና፣ ሰላም፣ የሚጫን ዕቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ይነዳ ብሎ የሚወስን አካል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ለማየት ወደ ኋላ ሄዶ የአሮጌውን የጅቡቲ ባቡር ጣቢያዎች፣ አቃቂንና ለገሃርን፣ መጎብኘት ግድ ይላል።

መጀመሪያ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ባቡር በተነሣ ቁጥር የሚመጣውን ቅሬታ እንዝጋው።

ባቡሩ ለምን በቆላ ሄደ

ቅሬታው የታወቀ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ደብረ ብርሃን፣ ዩኒቨርሲቲው ደብረ ብርሃን፤ ሐዲዱ ግን ቁልቁል። አንዳንዱ ነገሩን ከፖለቲካ ጋር ያገናኘዋል። እኔ ግን ዋናው ተጠያቂ ጣርማ በር ነው ባይ ነኝ።

ጣሊያኖች የፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ ተኝታለች። ልዩነቱን 1,800 ሜትር ግድም እንበለው። መኪና ይህንን ቁልቁለት ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ጆሮን እየደፈነ ይወርደዋል። ባቡር እንዲህ አይችልም፤ የብረት ጎማ በብረት ላይ የሚይዘው ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሲነደፍ ከፍተኛው አቀበት በ1,000 ሜትር 18.5 ሜትር እንዲሆን ነው የተወሰነው። በዚህ ልክ 1,800 ሜትር ለመውረድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ዋሻ ከዋሻ እየተከታተለ መሠራት ነበረበት። የሚጠይቀው ገንዘብ ይቅርና፣ እንዲህ ያለ መስመር ተሠርቶ እንኳ ጭነት የያዘ ባቡር ሽቅብ ሲወጣ የሚበላው ኃይል ትርፉን ሁሉ ይጨርሰው ነበር።

ቆላው ግን የተፈጥሮ መተላለፊያ ነው። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በ270 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህን ያህል መውጣት ለባቡር የሚቻል ነገር ነው። መሐንዲስ ካርታውን ዘርግቶ እርሳሱን ቢያነሣ እጁ ወዲያው የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የግመሉ መንገድ

ይህ የቆላ መተላለፊያ ከሐዲዱ በፊትም ሥራ ፈት አልነበረም። ሸዋ ከባሕር ጋር የተገናኘችው በዚሁ በኩል ነው። ከታጁራና ከዘይላ የሚነሣ የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ ሳምንታት ሲያቋርጥ ቆይቶ የሚያርፈው ከአንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ ላይ ነበር። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ ይመጣል፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ደግሞ ሰውም ባሪያ ሆኖ ወደ ታች ይሄዳል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቀረጡን የሚሰበስቡትም፣ የውጭ መንግሥት መልእክተኛ የሚቀበሉትም በዚህ በር ነው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር የደረሰው ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረሙ።

የአልዩ አምባ ገበያ ምን ያህል ጥቅም እንደ ነበረው ለመረዳት ያጣው ነገር ምን እንደ ሆነ ማየት ይበቃል። የምኒልክ መናገሻ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዞር፣ ነጋዴው ከነጓዙ ተከተለ። በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር የደረሰ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ንጉሡን እዚያ አጥቷቸው ሒሳቡን ለማወራረድ እንጦጦ ድረስ መውጣት ግድ ሆኖበታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ባቡር ደግሞ ነገሩን ጨረሰው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ የአንኮበር ቁልቁለት ለባሕር ንግድ አስፈላጊ መሆኑ አበቃ። የመጀመሪያው ባቡር ለሰሜን ሸዋ ያመጣለት ዕድል ይህ ነው፤ ሳያልፍበት ገበያውን ይዞበት ሄደ።

ለዚህ ነው ሁለተኛው ባቡር እንደ ተራ የልማት ፕሮጀክት ብቻ የማይታየኝ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ መስመር ሐራ ገበያ ላይ ከመቀሌ ከሚመጣው ጋር እንዲገጥም፣ ከዚያም በአፋር በኩል ወደ ታጁራ ወደብ እንዲወርድ ታስቦ የተነደፈ መረብ አካል ነው። የግመሉ መንገድ ጫፍና የባቡሩ ዕቅድ ጫፍ አንድ ቦታ፣ ታጁራ ላይ ይገናኛሉ።

ጣቢያ እንዴት ይዘጋል፦ አቃቂና ለገሃር

አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ሲሆን ሸዋ የመጣው መናገሻው ገና አንኮበር ሳለ ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጣ፣ የእንግሊዝ ባለ አክሲዮኖችና የፈረንሳይ መንግሥት ተሻኮቱበት፣ ምኒልክም የውጭ መንግሥት እጅ በዚህ ደረጃ መግባቱን አልወደዱትም። ኩባንያው ከስሮ እ.ኤ.አ. በ1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ በቦታው ተተካ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ 14 ዓመት። ዛሬ “ይሄ ነገር ቀረ” ብሎ እጁን ለሚያጣጥፍ የሸዋ ሮቢት ሰው ይህችን ቁጥር ማስታወስ ይጠቅማል፤ የአገራችን የመጀመሪያ ሐዲድም ግማሽ መንገድ ላይ ለዓመታት ቆሞ ነበር።

አቃቂ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። ለከተማዋ 23 ኪሎ ሜትር ሲቀር ሐዲዱ የደረሰባት መቆሚያ ነበረች፤ ዋናው ጣቢያ ለገሃር ሲሆን ደግሞ የከተማ ዳር ጣቢያ ሆነች። ፋብሪካዎች ሐዲዱን ተጠግተው ተተከሉ፤ ሠራተኛው ተከተለ፤ ሰፈሩ ሰፋ። ከዚያ ወዲያ ያሉትም እንዲሁ ነበሩ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ የሆነችው በጣቢያዋ ነው፤ የጣቢያዋ ቡፌ የመንገደኛ መተንፈሻ ነበር። ባቡሩ ሲቆም እንቁላል፣ ብርቱካንና ውሃ ይዘው የሚሮጡ ሴቶች ከነልጆቻቸው በዚያ ይተዳደሩ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? አንድ ቀን ተዘጋ ማለት አይቻልም። ቀስ ብሎ ነው የደረቀው። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ፤ ባቡሩ ተጠገነ እንጂ የቀድሞ ክብሩ አልተመለሰለትም። የአሰብ መንገድና የጭነት መኪናው ዕቃውን ወሰዱበት። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ባቡር ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እጅግ የሚገርመው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጅቡቲ ባቡር ወርቃማ ዘመን መሆን የነበረበት ያ ጊዜ ነበር! ባቡሩ ግን ያንን ጭነት ሊሸከም አልቻለም፤ ሐዲዱ ቀጭን፣ ድልድዩ ደካማ፣ ሎኮሞቲቩ ያረጀ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እድሳት ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ ለውጭ ኩባንያ በአስተዳደር ይሰጥ የተባለውም ከድርድር አላለፈም። 2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጨርሶ ቆመ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው መስከረም 2009 ዓ.ም. ነው፤ መደበኛ የንግድ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. አጋማሽ አካባቢ። አሮጌው ከቆመበት አዲሱ እስከ ጀመረበት ድረስ ዐሥር ዓመት ገደማ ባዶ ቀረ። ጣቢያ አጠገብ በመነገድ ይኖር የነበረ ሰው ዐሥር ዓመት አይጠብቅም። አዲሱ ሲመጣ ደግሞ ጣቢያዎቹ ከከተማ ርቀው ተሠሩ። ለቡ፣ እንዶዴ፤ ድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ እንደ ቀድሞው መሐል ከተማ አይደለም። መንገደኛው ጣቢያ ለመድረስ ሌላ ትራንስፖርት ይከፍላል። ለገሃር ዛሬ የዘመናዊ ሰፈር ግንባታ ዙሪያውን ይዞታል፤ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃ በቅርስነት እንዲቆይ ተደርጓል፤ ባቡር ግን አይመጣበትም።

ለሸዋ ሮቢት ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ የጊዜ ክፍተት ይመስለኛል። ሁሉም የተሟላ እስኪሆን እየተጠበቀ ሐዲድ ሲቀመጥ፣ ሐዲዱ ባለበት አይቆይም፤ ይበላሻል።

ከ2004 እስከ ዛሬ

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ውል የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ። ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ 270 ኪሎ ሜትር አካባቢው ከአዋሽ ኮምቦልቻ፣ የቀረው ከኮምቦልቻ ሐራ ገበያ። ወጪው ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን የቱርክ ኤክሲም ባንክ እና በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት የተሰበሰቡ አበዳሪዎች ገንዘቡን አቀረቡ። የመሠረት ድንጋዩ የካቲት 2007 ዓ.ም. ተቀመጠ። ሐዲዱ እንደ ጅቡቲው መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ተነድፏል፤ ከጅቡቲው መስመር ጋር አዋሽ ላይ ይገናኛል።

ግንባታው እንደ አገራችን ልማድ ሲታይ ፈጣን ነበር ማለት ይቻላል። መዘግየቱ የመጣው ከሐዲዱ ውጭ ነው። የባቡሩ ሽቦ የሚመገብበት ከፍተኛ ኃይል ከብሔራዊው መረብ መምጣት አለበት፤ ያ ሥራ ደግሞ ከሐዲዱ ግንባታ ተለይቶ በኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት በኩል የሚሄድ ነው። ሐዲዱ ሲደርስ ኃይሉ አልደረሰም። ቤት ሠርቶ ጨርሶ ቆጣሪ የሚጠብቅ ሰው ይህን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትና ካራቆሬም ከጥቃቱ አልዳኑም። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ኮምቦልቻን አልፈው ሸዋ ሮቢትን ይዘው ደብረ ሲና ደረሱ፤ ወሩ ሳያልቅ ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚያ መካከል በመስመሩ ንብረት ላይ ዘረፋና ጉዳት ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ አዲስ አበባ–ደሴ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በዚህ ላይ የአገሪቱ ዕዳ አለ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዩሮ ቦንዷን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አልቻለችም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ለማጠናቀቂያ የሚሆን አዲስ ብድር ማግኘት እንዴት እንደሚከብድ ማስረዳት አያሻም።

ሐዲዱ ላይ የሚደርሱ ነገሮች

ባቡር ያልሄደበት ሐዲድ ላይ ምን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ብረቱ በራሱ አያልቅም፤ ዝገት ከላይ ይይዘዋል እንጂ የሚያጠፋው አይደለም። የሚያሰጋው ሌላ ነው። አንደኛ ውሃ። ሐዲዱ ከምዕራቡ ተራራ በሚወርዱ ወንዞች ላይ ያልፋል፤ የሮቢ፣ የጀውሃ፣ የአጣዬ ወንዞች በክረምት እንዴት እንደሚወርዱ ቆላው ያውቃል። የውሃ መውረጃ ቱቦ በደለል ሲዘጋና ጠራጊ ሲያጣ፣ ጎርፉ መሄጃ ፍለጋ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ ቁጥቋጦና ፕሮሶፒስ፤ አፋሮች ወያኔ ዛፍ የሚሉት እሾህ የትም ቦታ ይበቅላል። ሦስተኛ መዳብ። የባቡር ሽቦ ተቆርጦ የሚሸጥበት ገበያ እንዳለ የጅቡቲው መስመርና የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር አይተዋል። ባቡር የማይሄድበት ሽቦ ደግሞ ኃይል የለበትም፤ ለሌባው የሚያስፈራው ነገር የለም።

አራተኛው መሬቱ ራሱ ነው። መስመሩ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ይሄዳል። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፍርሷት ነበር፤ የአስፋልቱን መንገድም ሰነጣጥቆታል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ በታኅሣሥ መጨረሻ 5.8 መጠን የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቀየው ለቀቀ። ይህ ሁሉ የሆነው መስመሩ ከሚነሣበት አዋሽ ብዙም ሳይርቅ ነው። ማንም መሐንዲስ ይህን መስመር እንዲከፍት ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚያደርገው ከአዋሽ ጀምሮ እያንዳንዱን ድልድይና የሐዲዱን መስመር ቀጥታነት በመለኪያ ማረጋገጥ ነው። ይህ ደግሞ ርካሽ ሥራ ነው፤ ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ኤሌክትሪኩን ሳንጠብቅስ?

እዚህ ላይ የእኔን ሐሳብ ልናገር። መስመሩ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ይጀመር ባይ ነኝ። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከሽቦ ሥር ሆኖ ይሄዳል፤ ሽቦው ኃይል ቢኖረውም ባይኖረውም አይመለከተውም። አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር ስለሚገናኝ፣ ከጅቡቲ በኤሌክትሪክ የመጣው ፉርጎ እዚያ ሎኮሞቲቭ ቀይሮ ወደ ኮምቦልቻ መሄድ ይችላል። የአሮጌው ምድር ባቡር ልምድም አለ፤ ከጭነት ፉርጎው ጋር አንድ ሁለት የሰው ፉርጎ የሚቀጠልበት ድብልቅ ባቡር ለረጅም ዓመታት ይሠራ ነበር። ፈጣን አልነበረም፤ ነገር ግን ይመጣ ነበር።

የሚቃወሙኝ ሁለት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። አንደኛው የናፍጣ ዋጋ፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፣ ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው። ልክ ነው፤ ግን ያው ዕቃ ዛሬም ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው በናፍጣ ነው፣ በሲኖትራክ። የጅቡቲው መስመር የጭነት ባቡር የተነደፈው እስከ 3,500 ቶን እንዲጎትት ነው፤ ተሳቢ ያለው አንድ መኪና 40 ቶን ቢይዝ ይህ ወደ 90 መኪና ነው። የኮምቦልቻ ባቡር በአቀበቱ ምክንያት የዚህን ግማሽ ብቻ ቢጎትት እንኳ፣ ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ለአንድ ቶን የሚያስወጣው ነዳጅ ጎማ አስፋልት ላይ ከሚያስወጣው በብዙ ያነሰ ነው። ጣርማ በር ላይ ፍሬኑ የተቃጠለ መኪና ዳር ይዞ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሰንጠረዥ አይፈልግም።

ሁለተኛው ነጥብ ከባድ ነው። ሰላም። መስመሩ የሚያልፍባቸው ወረዳዎች ውስጥ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ባቡር ከመኪና ይልቅ ተጋላጭ ነው፤ መኪና ይዞራል፣ ባቡር አይዞርም። ለዚህ መልስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ሆኖም ባቡሩ የአካባቢውን ሰው የሚጠቅም ከሆነ፣ ማለትም ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ ማሾና ሽንኩርት የሚጭን ከሆነ፣ ሐዲዱን የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። የጅቡቲው መስመር በመጀመሪያ ዓመታት ከአርብቶ አደሩ ጋር በተገጩ ግመሎችና ከብቶች ካሣ ላይ የደረሰበት ጭቅጭቅ የተማርነው ነገር ነው። በከብቱ መካከል እየፈነጨ የሚያልፍ፣ ለከብቱ ባለቤት ግን የማይቆም ባቡር ወዳጅ አያገኝም።

ምን ይጫናል?

ኮምቦልቻ ላይ የሚጫነው ጉዳይ አያስጨንቅም፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የደረቅ ወደቡ ዕቃ አለ። የሸዋ ሮቢት ጥያቄ ግን ተለይቶ መጠየቅ አለበት። የቀወትና የኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ማሾ አብቃዮች ናቸው፤ ማሾ ደግሞ በምርት ገበያ በኩል የሚያልፍ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ እህል ነው። የሸዋ ሮቢት ትምባሆም የታወቀ ነው። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም አለ። ከእነዚህ ውስጥ ለባቡር የሚመቸው ማሾው ነው፤ አይበላሽም፣ በጆንያ ይከመራል፣ በአንድ ወቅት በብዛት ይመጣል። ቲማቲሙ ዛሬ ማታ በአይሱዙ ወጥቶ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ገበያ ላይ መገኘት አለበት፤ ባቡሩ በአዋሽ ዞሮ እስኪገባ ቲማቲሙ አይጠብቀውም። ይህን ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ባቡር ሲወራ ሁሉም ነገር ይጫናል ይባላል፣ ጣቢያው ሲከፈት ግን የሚጫነው ሲጠፋ ባቡሩ መቆሙን ይተወዋል።

ወደ ላይ ከሚመጣው ደግሞ ማዳበሪያ አለ። ማዳበሪያ ከጅቡቲ የሚመጣ፣ በጆንያ የሚከመር፣ በአንድ ወቅት የሚፈለግ፣ ዘግይቶ ከመጣ ገበሬውን የሚገድል ዕቃ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ማራገፊያና መጋዘን ቢኖር ከጣርማ በር በታች ላለው ቆላ ብቻ ሳይሆን፣ መኪናው ባዶውን እንዳይመለስ፣ ለደብረ ሲናና ለጣርማ በር ደጋም ይደርሳል። ማሾ ሲወርድ ማዳበሪያ ይወጣል፤ ፉርጎው በሁለቱም አቅጣጫ ጭነት ካገኘ ሒሳቡ ይቀላል።

ደብረ ብርሃንስ? ፓርኩ ከባቡር ሊጠቀም የሚችለው በሸዋ ሮቢት ወይም በእንዶዴ ነው። ኮንቴነር ከሸዋ ሮቢት በመኪና ጣርማ በርን ሽቅብ ማውጣት ዋጋው ውድ ነው፤ ከእንዶዴ በአዲስ አበባ በኩል ማምጣቱ ርቀቱ ቢበዛም አቀበቱ ይቀላል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን የሸዋ ሮቢት ጣቢያ ዋና ደንበኛ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ጣቢያው ለቆላው ነው መታቀድ ያለበት።

ሰው ማጓጓዙን በተመለከተ ምኞቴ ትንሽ ነው። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ በመኪና 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በባቡር በአዋሽ ሲዞር በጣም ይረዝማል። መንገደኛው መኪናውን ይመርጣል። ከሸዋ ሮቢት ኮምቦልቻ፣ ከሸዋ ሮቢት አዋሽና ድሬዳዋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ የሸዋ ሮቢት ሰው መጀመሪያ ወደ ላይ አዲስ አበባ ወጥቶ እንደገና ወደ ታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ሊደረግ የሚችለው

ሎኮሞቲቭ መግዛቱ፣ ኃይል ማምጣቱ፣ ውል ማደሱ የፌዴራሉ ጉዳይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ሊያስፈጥነው አይችልም። ዞኑና ከተማው ግን በእጃቸው ያለ ነገር አላቸው። ከአስፋልቱ ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ይዞታ ዛሬውኑ በማስተር ፕላን መከበር አለበት፤ ሠላሳ ሜትር ስፋት ያለው፣ ተሳቢ መኪና የሚታጠፍበት። ይህ ካልተደረገ ቦታው በቤት ይሞላል፤ ባቡሩ በመጣ ቀን ካሣ ክፍያና ክስ ይጀመራል። በጣቢያው አጠገብ ለመጋዘን የሚሆን መሬት ለማኅበራት ዩኒየን ቢያዝ ማሾውም ማዳበሪያውም ማረፊያ ያገኛል። የውሃ መውረጃዎቹ ጠረጋ በየክረምቱ መግቢያ በአካባቢው ወጣቶች በክፍያ ቢሠራ፣ የሐዲድ ጠባቂነቱም ከዚያው ቢመለመል፣ ከአዲስ አበባ ከሚላክ ቡድን ይልቅ ርካሽም ታማኝም ይሆናል።

የዞኑ አስተዳደር ለባቡር ኮርፖሬሽኑ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄም አንድ ነው፤ “መቼ ይመረቃል?” አይደለም። “ከአዋሽ ሸዋ ሮቢት ባለው ቁራጭ ላይ በናፍጣ የሙከራ የማዳበሪያ ባቡር ለማስኬድ ምን ይጎድላል?” ነው። ያ ቁራጭ ከኮምቦልቻው ያጥራል፣ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ የጦርነቱም ጠባሳ ከሰሜኑ ክፍል ይልቅ እዚህ ያነሰ ነው ተብሎ ይታሰባል። መልሱ ሎኮሞቲቭ ነው ከተባለ ቁጥሩ ይነገራል፤ ፍተሻ ነው ከተባለ ቀኑ ይቆረጣል፤ ጥበቃ ነው ከተባለ ከወረዳዎቹ ጋር ይመከራል። ማዳበሪያው የሚፈለገው ከሰኔ በፊት ነው፤ ስለዚህ የሙከራው ወር ከሚያዝያ ቢያልፍ ለዚያ ዓመት ዘር አይደርስም።